ቀለም የቀመሱ

ሥጋው የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሸተተኝ። እኔ በረንዳ ላይ ነኝ፣ መኪናው ከአጥሩ ውጭ ነው፣ በመሃላችን ሃያ እርምጃ ይሆናል። አራት ወጣቶች ነጭ ጓንት አጥልቀው አወረዱት። ሁሉም ደረታቸው ላይ ደረጃቸውን የምታበራ ሰሌዳ ለጥፈዋል፤ ሦስቱ የማውረድ ደረጃ ሁለት፣ አንዱ የማውረድ ደረጃ ሦስት ናቸው። ደረጃ ሦስቱ አይሸከምም፣ ያዛል። ግቢው መሃል በተተከለው ማንጠልጠያ ላይ ሲሰቅሉት ከጭኑ አጥንት ሥር ውሃ የመሰለ ነገር ጠብ አለ፤ አንደኛው ልጅ ጫማ ላይ አረፈ። ከአራቱ አንዱም ፊቱን አላጨማደደም።

እኔ ግን ተነስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩና የግድግዳውን ጥግ ይዤ ትንሽ ቆምኩ።

ስሜ ያቤጽ ይባላል፤ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። እኛ ስንወለድ ያቤጽ፣ ሶሊያና፣ ናሆም የአራስ ልጅ ስም ነበር። ዛሬ፣ በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የሽማግሌና የአሮጊት ስም ሆኗል። ወጣቶቹ ደግሞ የቅድመ አያቶቻችንን ስም ከመቃብር አውጥተው ደብሪቱ፣ ጉልላት፣ እርገጤ እየተባባሉ ይጠራሩበታል። እኔ ሰላሳ ሦስት ዓመት ሉካንዳ ነበረኝ። ብልት ማውጣት ቆሞ ያስተማረኝ ሰው የለም። ሥጋ ቤት ተቀጠርኩ፣ አጥንት ተሸከምኩ፣ ጣቴን ሦስት ጊዜ ቆረጥኩ፣ በአራተኛው ዓመት ሽንጡ ከየት እንደሚጀምር እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ጀመር። ይህ ዛሬ ጥፋት ነው። ጥፋቱም ስም አለው፤ ልምድ ይባላል።

በልጅነቴ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ “የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት” የሚል ጽሑፍ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጀማሪንም ሰው ይቀጥራሉ ማለት ነው ብዬ። ጽሑፉ ዛሬም አለ፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የተጨመረበት። “ዜሮ ዓመት ብቻ” ይላል። ደረጃ የሚሰጠው የማረጋገጫ ቤት ሰዎች የአመልካቹን መዳፍ በመብራት ይመረምራሉ፤ የደነደነ ቆዳ ወይም ጠባሳ ካገኙ ሰውየው እዚያው ይሰናበታል። ልጆች እንኳ መንገድ ላይ ሲጣሉ “አንተ ልምዳም” ነው የሚባባሉት፤ እኛ ድሮ ቅማላም እንደምንለው መሆኑ ነው። እኔን ሰፈር ውስጥ የማያውቀኝ የለም። ልምዳሙ ያቤጽ ነኝ።

ኑሮው እንዲህ ነው። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ደረጃ ስድስት ነው፤ ፀጉር ቆርጦ ግን አያውቅም። ወንበር ላይ ያስቀምጥህና የፀጉርን ክፍሎች፣ የመቀስን ዓይነቶች፣ የማበጠሪያን ታሪክ ያነብልሃል፤ አመስግነህ እንደ ገባህ ትወጣለህ። ሰፈሩ በሙሉ ጎፈሬ ነው። ወዲያ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ደግሞ ተመርቃ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ የማጥባት ሞጁሏን ሁለቴ ስለወደቀች ልጇን በጡጦ ነው የምታሳድገው። ጡቷ አብጦ ወተቱ ሲፈስ በፎጣ እየጠረገች ለሦስተኛው ፈተና ታጠናለች።

የማረጋገጫ ቤቱ በር ላይ በትልቁ የተጻፈው “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” የሚል ነው። የአባቶች ተረት ነው፣ ክፉ ተረት አይደለም። ችግሩ እነዚህ ሰዎች መማሩን ሲያስቀድሙ፣ ሲያስቀድሙ፣ ሲያስቀድሙ፣ ሰውየው አንገቱ ዝሎ ጥምጥሙን የሚሸከምበት ጉልበት ሳይኖረው መቅረቱ ነው።

ልጄ ደብሪቱ ሰላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ተማሪ ናት። የያዘችው የሥጋ ሳይንስ ደረጃ አሥራ አንድ ነው፤ ስለ በሬ የማታውቀው ነገር የለም፣ ከበሬው በስተቀር። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በጎማ ሥጋና በስክሪን ነው የተማረችው። ያን ቅዳሜ ምርቃቷ ነበር። ምርቃቱ ራሱ ደግሞ የመጨረሻው ፈተና ነው፦ ተመራቂዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሥጋ ትነካለች፣ መዝና ታሳልፋለች፣ ቆርጣ ለዘጠና ታዳሚ በእጇ ታቀርባለች፣ ታዛቢ ቆሞ ይመዘግባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚሉት እነሱ ናቸው። ለደብሪቱ ሁለተኛዋ ነው።

ሰባት ዓመቷ እያለ አንድ ጠዋት ሉካንዳዬ መጣች። ያን ጊዜ እኛ መሥራት አልተከለከልንም፤ መጀመሪያ የከለከሉት ልጅን በእጅ ማስተማርን ነው። እኔ ግን አባት ነኝ፣ ልጄ ባንኮኒው ላይ ተንጠልጥላ “አባዬ፣ ቢላውን ለምን ታሸትተዋለህ?” ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ጠርቼ አሳየኋት። ሥጋ የሚበላሸው ከውጭ አይደለም፣ ከአጥንቱ ሥር ነው። ቢላውን አጥንቱን አስታክከህ እስከ እጀታው ትሰካዋለህ፣ ትመዘዋለህ፣ ስለቱን በአፍንጫህ ሥር ታሳልፈዋለህ። ከዚያ በእኛ ሙያ “ሸተተ ወይስ አልሸተተም” አይባልም፤ “ምን ይላል?” ነው የሚባለው። አንድ የዕለቱን፣ አንድ የከረመ ሥጋ ወግቼ ስለቱን አስጠጋሁላት። የዕለቱን አሽትታ “ወተት ይላል” አለች። የከረመውን አሽትታ እጄን ገፋችውና “ሂድ ይላል” አለች። ሰላሳ ዓመት የሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ አይመልስም። በደስታ አቅፌ ሳምኳት።

እሷም ደስ ብሏት ትምህርት ቤት ሄዳ ተናገረች። በሳምንቱ የማረጋገጫ ቤቱ ሰዎች መጥተው ለዘጠና ቀን ወሰዷት። ቦታው ማራገፊያ ይባላል። ምን እንደሚያደርጓቸው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ስትመለስ ከስታ ነበር፤ ወደ ሉካንዳው በር አትቀርብም። አንድ ቀን ሰው በሌለበት ሥጋ ወግቼ “ደብሪቱዬ፣ ምን ይላል?” አልኳት። “ሥጋ አይናገርም አባዬ” አለችኝ። በቃ፣ እኔም ከዚያ በኋላ ጠይቄያት አላውቅም።

የእኔን ሉካንዳ ከዘጉት ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ቢላዬን በመስታወት ሣጥን አሽገው ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቀሉልኝ፤ ማየት ይፈቀዳል። ሞረዴን ወሰዱት።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ሥጋው ለምን እንደሸተተ ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም፤ ከሥጋው ጋር የመጣውን ወረቀት ማንበብ በቂ ነው። በሬው የታረደው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ደህና በሬ፣ ጮማ በሬ ነበር። ማክሰኞ የክብደት ተፈታኞች መዘኑት። ረቡዕ የልኬት ተፈታኞች ለኩት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ራሱን የቻለ ሞጁል ነው፤ የዚያ ሞጁል ተፈታኝ ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት ታመመ። ሐሙስ ተተኪ ተጠየቀ። ዓርብ ሥጋው ግራጫ ሆኖ ተገኘ። ጤናማ ሥጋ ቀለሙ ቀይ ቁጥር አራት ነው ይላል መጽሐፉ፤ ስለዚህ የቀለም ባለሙያዋ ዓርብ ማታ ቀለም ነፋችበትና ቁጥር አራት አድርጋ መለሰችው። አሥራ አንድ ፊርማ አለበት። አሥራ አንድ ሰው በእጁ አሳልፎታል፤ አንድም አላሸተተውም። ማሽተት ንድፈ ሐሳብ ነው፣ ሞጁል ሰባት፤ የመጥፎ ሽታን ስድስት ባሕርያት በቃላቸው ይወጡታል፣ ሸቷቸው ግን አያውቅም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ?

ሦስት ሰዓት ላይ ደብሪቱ ነጭ ካባዋን ለብሳ ከጓዳ ወጣች። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛዋለች፤ እናቷን ነው የምትመስለው፣ ነፍሷን ይማረውና። ሰሌዳዋ ደረቷ ላይ ይበራል። ሰሌዳው ያያል፣ ይሰማልም፤ ስለዚህ እንደ ልብ አናወራም። ደረጃ የሌለው ሰው ስለ ተመዘነ ነገር አፉን ከከፈተ “ያልተመዘነ አስተያየት” ይባላል፤ የሚቀጣው ደግሞ ተናጋሪው አይደለም፣ ተመራቂዋ ናት። ምርቃቱ ይሰረዛል፣ ሦስት ዓመት ወደ ክፍል ትመለሳለች። ያልተመረቀ ሰው ማግባት የለ፣ መውለድ የለ። እጮኛዋ አምስት ዓመት ጠብቋታል። ሦስት ዓመት ተጨምሮ ሰላሳ ሰባት ማለት ነው። እኔ አንድ ቃል ብናገር የልጄን ቤት አፈርሳለሁ፤ ዝም ብል ዘጠና ሰው የበሰበሰ ሥጋ በጥሬው ይበላል። ይህንን በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ስፈጭ ነው የዋልኩት።

“ደብሪቱ” አልኳት።

“አቤት አባዬ።”

“ምን ይላል?”

የካባዋን ቁልፍ እየቆለፈች ነበር፤ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀጠለች። “ሥጋ አይናገርም አባዬ” አለችኝ፤ ዓይን ዓይኔን ግን አላየችኝም።

ታዳሚው ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ወደተተከለው ድንኳን ገባ። ታዛቢው ጉልላት ይባላል፣ አርባ ዓመት ይሆነዋል፣ የትዝብት ደረጃ ዘጠኝ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። እጁ ሊጥ ነው፤ አጥንት ያለበት አይመስልም። ስጨብጠው የእኔን ሸካራ መዳፍ አየና ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ባለው ጨርቅ እጁን ጠረገ። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከታዳሚው ውስጥ በእድሜ የምትበልጠኝ እትዬ ሶሊያና ብቻ ነበረች። ሰላሳ ዓመት ደንበኛዬ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንጥ ከእኔ ሌላ ከማንም ገዝታ አታውቅም። “የያቤጽ አፍንጫ እያለ ሐኪም ምን ያደርግልኛል” እያለች ነበር ሰው ፊት የምታሞካሸኝ። ከአጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ተቀምጣ አንድ ትንፋሽ ሳበችና ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ አየሁ።

ፀሐይዋ ከረረች። ዝንቡ ሥጋው ላይ ተርመሰመሰ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ሳይማር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ታዛቢው ወረቀቱን አየና “የዝንብ መገኘት፣ የተለመደ” ብሎ መዘገበ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ደብሪቱ ሥጋው ፊት ቆመች። ቢላው አዲስ ነው፤ እንደ እስክሪብቶ ነው የያዘችው። “እርምጃ አንድ፣ የሥጋውን አቋም መመልከት” ብላ አነበበች፤ ተመለከተች። “እርምጃ ሁለት፣ ቀለም።” የቀለም ካርዱን ከሥጋው ጋር አጠጋጋች፤ ቁልጭ ያለ ቁጥር አራት ነው። “እርምጃ ሦስት፣ መለኪያ።” መለኪያውን ላዩ ላይ ለጠፈችው፤ ቀለሙ ላይ ማለት ነው። መለኪያው ማሰብ ጀመረ።

መለኪያው እያሰበ ሳለ ደብሪቱ የትኛውም እርምጃ ላይ ያልተጻፈ ነገር አደረገች። ቢላውን አዙራ ጨበጠችው፤ አሁን እንደ እስክሪብቶ አይደለም። የጭኑን አጥንት አስታክካ እስከ እጀታው ሰካችው፣ መዘዘችው፣ ላቧን የምትጠርግ አስመስላ ስለቱን ከአፍንጫዋ ሥር አሳለፈችው። ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ የሚያልፍ ፍጥነት ነው። አፍንጫዋ ሸብሸብ አለ። ከዚያ ቢላውን በካባዋ ጠረገች።

ትናገራለች ብዬ ነበር።

“ውጤት?” አለ ታዛቢው።

“ዘጠና ሰባት” አለች ደብሪቱ መለኪያውን አይታ።

ዘጠና ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ልጄ ናታ።

ታዛቢው መሃል ላይ ወጥቶ ንግግር አደረገ። “ዛሬ” አለ፣ “ከልምድ ንጹሕ ከሆነች፣ ቀለም ከቀመሰች ልጅ እጅ እንበላለን። አሁን በሞጁል አሥራ ሁለት፣ ባህላዊ አቀራረብ መሠረት፣ አባት ቀድመው ይቀምሳሉ፣ ቀጥሎ ይመርቃሉ።” ድሮ ጠላ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ የማበላህን እኔም በልቼዋለሁ ማለት ነው፣ መተማመኛ ነው። እነሱ ሞጁል አደረጉት።

ደብሪቱ ቆረጠች። ሥጋው ለቢላው አልታገለም፤ ተነጥሎ ወረደ። ሚጥሚጣ ነካ አድርጋ በእጇ ይዛልኝ መጣች። “አባዬ፣ እንካ” አለችኝ። ጉርሻ ነው፤ የልጅ ጉርሻ፣ በምርቃቷ ቀን። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ቀይ ናቸው። ማን እምቢ ይላል?

አፌን ከፈትኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ልውጠው ነበር። ለልጄ ብዬ ቆርጬ ነበር። ጥርሴ ሲያርፍበት ግን ሥጋው ሟሟ፤ ማኘክ አላስፈለገውም። መጀመሪያ ቀለሙ መጣ፣ መራራ ነገር፣ የልጆች እርሳስ ጫፍ የመሰለ። ከቀለሙ ሥር ጣፈጠኝ። የበሰበሰ ሥጋ መጀመሪያ ላይ እንደሚጣፍጥ መጽሐፍ አይጽፈውም። ያ ጣፋጭ ነገር ምላሴ ላይ ተኛ፣ ወደ ጉሮሮዬ ጥግ ተንሸራተተ። ራሴን ሰውቼ መዋጥ አልቻልኩም።

“እንትፍ” አልኩ፣ ከእግሯ ሥር።

የደብሪቱ ፊት አመድ መሰለ። አበቃ፣ ልጄን አጠፋኋት አልኩ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ እፎይ አልኩ። ማንም አይበላውም ማለት ነው።

ታዛቢው ወረቀቱን ገለበጠ። ገጽ አገኘና ፊቱ በራ። “በምራቅ መመረቅ” ብሎ አነበበ፤ “የአረጋውያን ልማድ፣ ገጽ ሁለት መቶ አራት። በጣም ጥሩ አባቴ፣ በሕይወቴ ሲደረግ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ግን እዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ነው የሚለው። እባክዎ፣ ሁለት ይቀራል።”

አየሁት። እየቀለደ አይደለም። ብዕሩን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።

“እንትፍ” አልኩ። አፌ ውስጥ የቀረውን ነው፣ ከልቤ ነው የተፋሁት። “እንትፍ።”

“አሜን” አለ ዘጠናው ሰው።

ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። ምራቄ ምርቃት ተብሎ በሐሰት ከተመዘገበ በኋላ፣ ተሳስታችኋል፣ እየተጸየፍኩት ነው፣ በስብሷል ማለት ነበረብኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ያስቀረው ደጃዝማችነት አይደለም። ደብሪቱ ላይ ደም መመለሱን አየሁ፣ ጉንጯ ሲቀላ። እጮኛዋ ከኋላ ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል። አፌን ዘጋሁ።

ሳህኖቹ ዞሩ። እትዬ ሶሊያና ሳህኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አልነካችውም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“ያቤጽ።”

“አቤት እትዬ።”

“ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባላል። አንተ ከበላህበት እበላለሁ። የልጅቱን ቀን ማበላሸት አልፈልግም፣ ይሉኝታ ያዘኝ። ግን አንተ ንገረኝ፣ ልብላው?”

ሰላሳ ዓመት የጠየቀችኝ ይኸንኑ ነው። ሰላሳ ዓመት ደግሞ መልሼላታለሁ፤ “ዛሬ ይቅርብሽ እትዬ፣ ነገ ነይ” ብዬ ባዶ እጇን የመለስኳት ቀንም ብዙ ነው። ታዛቢው ከእኛ ሦስት ወንበር አልፎ ተቀምጧል፣ ሰሌዳው ያበራል።

“ዘጠና ሰባት አምጥቷል” አልኳት።

“እንግዲህ ካልክ” አለችና በላች። ሰው አክባሪ ናት፤ ሳህኗን ባዶ አደረገችው።

ሁሉም በሉ። እየተሳሳቁ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ እየተቀባበሉ በሉ። ከንፈራቸው ቀይ ሆነ፣ ጥርሳቸው ቀይ ሆነ፣ ልጆቻቸውን ሲስሙ የልጆቹ ጉንጭ ቀይ ሆነ። ቀለም የቀመሰ ሰው ሲባል ድሮ ፊደል የቆጠረ ማለት ነበር። ያን ቀን በዓይኔ አየሁት፣ ዘጠና ሰው እስከ ድዱ ድረስ ቀለም ቀመሰ። ታዛቢው ሁለተኛ ሳህን ደገመ። እኔ ተቀምጬ ሳያቸው ሰው መሆን አስጠላኝ።

እሑድ ከሰዓት ጀምሮ ይታመሙ ጀመር። እስከ ሰኞ ማታ አርባ ሦስት ሰው ሐኪም ቤት ገባ። ሐኪም ቤቱ ሕመሙ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ በቃሉ ይወጣዋል፤ ሆድ ዳስሶ የሚያውቅ ግን አልነበረም። እትዬ ሶሊያና ማክሰኞ ጠዋት አረፈች። ስትቀበር ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ከእኛ ግቢ ነቅለው ነው፤ ምንጣፉ ላይ ቀይ ጠብታ ነበረበት።

ዓርብ የማረጋገጫ ቤቱ የምርመራ ውጤት መጣ። ሥጋው ዘጠና ሰባት ስለሆነ ጥፋት አልተገኘበትም። ምክንያቱ “የታዳሚዎች ሆድ ዝግጅት ማነስ” ነው ይላል፤ ለሆድ አዲስ ሞጁል ይከፈታል። ከዚያው ጋር በእኔ ስም አንድ ፖስታ ነበር። ከፈትኩት። የምስክር ወረቀት ነው፣ ማኅተም ያለበት፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ። “አቶ ያቤጽ በምራቅ መመረቅ ደረጃ አንድን በብቃት አጠናቅቀዋል” ይላል። ሰላሳ ሦስት ዓመት ሠርቼ ያላገኘሁትን፣ ሦስት ጊዜ ተፍቼ አገኘሁት። ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ከዚያ አስቤ ቢላዬ ባለበት መስታወት ላይ ለጠፍኩት። አሁን ቢላው አይታይም፤ ይሻለዋል።

ደብሪቱ ወደ እኔ የመጣችው በማግስቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ተመርቃለች፣ የጋብቻ ፈቃዷ ወጥቷል፣ ፊቷ ግን ሳምንት ያልተኛ ሰው ፊት ነው። ሰሌዳዋን ከደረቷ ላይ ነቀለችና አጥሩ ላይ፣ ድምፅ የማይደርስበት ቦታ ሰቅላው መጣች። እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። ከበረንዳው ደረጃ ላይ፣ ከእግሬ ሥር ተቀመጠች።

“አባዬ፣ ሸቶኝ ነበር” አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየኋት።

“ከመኪናው ሲወርድ ጀምሮ ሸቶኛል። በቢላውም አየሁት። እዚያ ማራገፊያ ዘጠና ቀን ሲያቆዩኝ ሁሉንም አራገፍኩላቸው፣ እሱ ግን አልወጣም። ሂድ ነው የሚለው አባዬ፣ ልክ ያኔ እንዳልኩህ።”

“እና ለምን አላልሽም?”

“ሰላሳ አራት ዓመቴ ነው” አለች። ቀስ ብላ ደግሞ “ዘጠና ሰባትም አምጥቷል” አለች።

እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ነው ያለችው። ከሥጋው የባሰ ሆኖ መጣብኝ። ልጄን በዚያች ሰዓት ተጸየፍኳት፣ እጇን ሳይ፣ ትከሻዋን ሳይ። መናገርም ፈልጌ ነበር። ከዚያ እትዬ ሶሊያና “አንተ ንገረኝ” ስትል የነበረው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ማን ማንን ይናገራል? አስተምሬያት ነበር፤ ያስተማርኳትንም ይዛልኝ ቆይታ ነበር። ያን ቅዳሜ “ምን ይላል” የሚል ሳይሆን “ምን እናድርግ” የሚል አባት ያስፈልጋት ነበር፤ እኔ ደግሞ አጨበጨብኩ።

ሁለት እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ቀለሙ ለቋል፣ ጥፍሯ ሥር ብቻ ትንሽ ቀርቷል።

“አባዬ፣ ሽታው እምቢ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ታጠብኩ። መጽሐፉ ላይ የለም፣ ማንም አያውቅም። አንተ ታውቃለህ። በምንድን ነው የሚለቀው?”

ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ልጄ ስለ ሙያዬ ጠየቀችኝ። ስንት ጊዜ ተመኝቼው ነበር። የሥጋ ሽታ በምን እንደሚለቅ አውቃለሁ፤ ሎሚ ቆርጠህ በጨው ታሸዋለህ፣ ካልሆነ በአመድ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ። ሰላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ቤቴ ስገባ እንደዚያ ታጥቤ ነው እሷን ያቀፍኳት። እጇን ያዝኩና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የሸተተኝ ሳሙና ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።

“ይሄኛው አይለቅም” አልኳት።